ስለ ሐርላ መንደርና ግዙፋን ሠሩት ስለ ተባለው ከተማ

ከደምበልና ከጅጅጋ ሜዳ ጀምሮ እስከ ጨርጨር ተራሮች ድረስ የሚዘዋወር መንገደኛ በየስፍራው የፈረሰ የድንጋይ ካብና የቈየ መቃብር ያያል። ይህን የሠራው ማን ነው ብሎ የአገሩን ሰው ቢጠይቅ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሐርላ ነው» የሚል ነው። ሐረሪውም፥ ሶማሌውም፥ አፋሩም፥ ኦሮሞውም ይህን ስም ያውቀዋል፤ ከነዚሁም መካከል የሐርላ ዘር ነን የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሙም በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፥ ደግሞም ዐረብ ፈቂህ በ16ኛው መቶ ዓመት በጻፈው በኢማም አሕመድ የጦርነት ታሪክ ይገኛል።

ይህንኑ ስም ይዛ እስከ ዛሬ የምትኖር አንዲት ትንሽ መንደር ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ባላገሮቹ መሬታቸውን ሲያርሱ ከጥንት ጀምሮ ዶቃና የገንዘብ ቍራጭ፥ ገልና ገላጣ ድንጋይ ያገኙ ነበር። ከካቡ ድንጋይ አንዳንዱ እጅግ ትልቅ በመሆኑ፥ ይህን ያነሣ ሰው እንደ እኛ ያለ ሰው ሊሆን አይችልም፤ የቀድሞዎቹ ሐርላዎች ግዙፋን ነበሩ ሲሉ አባት ለልጅ አወረሱት።

ነገር ግን በ2017 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል፥ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለ ሥልጣን ጋራ በመተባበር ስፍራውን ቈፍረው ያገኙትን ለዓለም አስታወቁ። ከመሬት በታች የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፥ የእስልምና መቃብሮች፥ የብርጭቆ ስባሪ፥ ከባሕር የመጣ ዛጎል፥ ከማዳጋስካር፥ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረ የግብጽ ገንዘብ ተገኘ። ከተማው ከ6ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሰው የኖረበት መሆኑ ታወቀ። በመቃብሩ የተገኘው አፅም ግን እንደ እኛው ቁመት ያለው ሰው አፅም ነበረ እንጂ የግዙፍ አልነበረም።

እንግዲህ ሐርላን ከተማ ያደረጋት ምንድር ነው? መልሱ ከዚያው ከመሬቱ ወጣ። መርማሪዎቹ ካገኙት ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የአንጥረኞች የሥራ ቤት ነው። በዚያ ቤት ብርና ነሐስ ይቀልጥ፥ ቀይ የዐቂቅ ድንጋይ ይሞረድ፥ የብርጭቆ ዶቃ ይሠራ ነበር። የአሠራሩም ጥበብ በዚያ ዘመን በህንድ አገር ከነበረው ጋራ ስለሚመሳሰል፥ የአገሩ ተወላጅና ከባሕር ማዶ የመጣው ባለ ጥበብ በአንድነት ሳይሠሩ አልቀሩም ተብሎ ይገመታል። የሠሩትንም ነጋዴ ጭኖ ወደ ባሕርና ወደ ደጋ ያደርስላቸው ነበር። ስለዚህ ባላገሮቹ ግዙፋን ያሏቸው ሰዎች ግዙፍነታቸው በቁመታቸው ሳይሆን በእጃቸው ሥራ ኖሯል።

ይህ ነገር በየቤታችን ሊታሰብ የሚገባው ነው። እኛ በልጅነታችን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፥ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ያስፈራል ሲባል እየሰማን አድገናል፤ በሠሩት ማረሻ እያረስን፥ በሠሩት ድስት እየበላን እነርሱን ግን ከማዕዳችን አራቅናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አፍን ቢከለክል ልብን ፈጥኖ አይለውጥም። ዛሬም አንድ ልጅ ብረት መቀጥቀጥ እማራለሁ ቢል ፊቱ የሚጠቍር ወላጅ አይጠፋም።

ሐርላ በ15ኛው መቶ ዓመት ባዶዋን ቀረች። በ1520 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) የአዳል መናገሻ ወደ ሐረር ተዛወረ፤ በ1902ም የምድር ባቡር ሲደርስ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ገበያው ከተማ ለወጠ እንጂ ከዚያ አገር አልወጣም። የቀድሞዎቹ አንጥረኞች ስም ግን በአንድም መጽሐፍ አልተጻፈልንም፤ የሚመሰክርላቸው ያ ዶቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚያ አገር ያላችሁ ሹማምንት፥ ገበሬው ያገኘውን ዶቃና ገንዘብ ለመንገደኛ በርካሽ እንዳይሸጥ፥ የጥንቱንም ካብ ለአጥር እንዳያፈርስ በመልካም ቃል ምከሩት። ወላጆችም በማታ ከልጆቻችሁ ጋራ ስትቀመጡ የግዙፋኑን ተረት አትከልክሏቸው፤ ማለፊያ ተረት ነውና። ሲፈጸም ግን ያን ከተማ የሠራው እንደ እነርሱ ያለ ሁለት እጅ የነበረው ሰው መሆኑን ጨምራችሁ ንገሯቸው።