ከኋላ የቆመው ጊታር

ኤሲ/ዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ ሃርድ ሮክ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ የተመልካቹን ዓይን የሚወስደው አንድ አጭር ሰው ነው። እንደ ተማሪ ቁምጣና ኮት ለብሷል፤ ከረባት አስሯል። ጊታሩን እንዳነገተ ከመድረኩ ጫፍ ጫፍ ይሮጣል፤ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይጫወታል፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ራሱን ይንጣል። አንገስ ያንግ ይባላል። ሊድ ጊታሩ በእጁ ነው፤ ሕዝብ ባንዱን የሚያውቀውም በእሱ መልክ ነው። እኔ ግን የማስተዋውቃችሁ በታላቅ ወንድሙ በማልኮም በኩል ነው። ማልኮም ከድራሙ አጠገብ ቆሞ ሪትም ጊታር ይመታ ነበር። አዝማቹ ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ይራመዳል፤ ተቀብሎ ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የቤቱ ምሰሶ እሱ ነበር።

ወንድማማቾቹ የተወለዱት በስኮትላንዷ ግላስጎው ነው። ቤተሰባቸው በ1963 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አውስትራሊያ ተሰዶ ሲድኒ ሰፈረ። ታላቃቸው ጆርጅ በስድሳዎቹ ዓመታት ኢዚቢትስ በተባለ ባንድ ዝና አግኝቶ ስለነበር፣ ሙዚቃ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ታናናሾቹ ቤታቸው ውስጥ አይተዋል። ማልኮምና አንገስ የራሳቸውን ባንድ በ1973 መሠረቱ። ስሙን የሰጠቻቸው እህታቸው ማርጋሬት ናት፤ ተለዋዋጭና ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚያመለክቱትን ፊደላት ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አንብባ ነው። አንገስ የተማሪ ዩኒፎርም እንዲለብስ የመከረችውም እሷው ናት።

በ1974 ቦን ስኮት በድምፃዊነት ተቀላቀላቸው። እሱም በልጅነቱ ከስኮትላንድ የመጣ ስደተኛ ነው። ከወንድማማቾቹ በዕድሜ ይበልጣል፤ ብዙ አይቷል፤ የኖረውን የመጠጥ ቤትና የመንገድ ሕይወት በቀልድ እያዋዛ ግጥም ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረጉት ጆርጅና የሥራ ጓደኛው ሃሪ ቫንዳ ነበሩ። በ1979 የወጣው «ሃይዌይ ቱ ሄል» ደግሞ በፕሮዲውሰሩ በመት ላንግ እጅ ተሠርቶ የአሜሪካንን ገበያ ከፈተላቸው።

ሃርድ ሮክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጩኸት ነው። የማልኮምን አጨዋወት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ቁጥብነት ነው። ግሬች ጊታሩ በ1960ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ፒክአፖች ነቅሎ አንዱን ብቻ አስቀርቷል፤ የተነቀሉበት ክፍተት እንኳ ሳይደፈን በግልጽ ይታይ ነበር። ክሮቹ ወፋፍራም ናቸው፤ እነሱን ለመጫን ጠንካራ ጣት ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩን ደግሞ ድምፁ እስኪቀደድ አያስጮኸውም። ስለዚህ ኮርዱን ሲመታ በውስጡ ያሉት ኖታዎች አይደፈጠጡም፤ አንድ በአንድ ይሰማሉ።

ይህን ለማየት «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን ዘፈን መክፈት ይበቃል። መጀመሪያ ድራመሩ ፊል ራድ ሃይሃት በሚባሉት ጥንድ ሲምባሎች አራት ምት ይቆጥራል። ከዚያ ጊታሮቹ ኢ ኮርድን አንዴ መትተው ዝም ይላሉ። ዲ ይከተላል፤ ዝምታ። ኤ ይከተላል። ሦስት ኮርድ ብቻ ነው፤ ጊታር መማር የጀመረ ልጅ በአንድ ቀን ይለምዳቸዋል። ከባዱ ነገር ዝምታውን በልኩ መያዝ ነው። ጊታሮቹ ሲያርፉ ሃይሃቱ ብቻውን ጊዜውን ይዞ ይቀጥላል፤ የአድማጩ አንገት ሳይታዘዝ መወዝወዝ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ፊል ራድም ከአራቱ ምት ሁለተኛውንና አራተኛውን በስኔር ድራሙ እየመታ፣ ያለ ጌጥ ይሄዳል። አንገስ እንዳሻው የሚበረው ይህ መሬት ከሥሩ ስለማይነቃነቅ ነው።

የዘፈኑ ስም «ጥቁር ለብሶ መመለስ» እንደ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሐዘን ነው። ቦን ስኮት የካቲት 19 ቀን 1980 በ33 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። ወንድማማቾቹ ባንዱን ለመበተን አስበው ነበር፤ እንዲቀጥሉ ያበረታቷቸው የሟቹ ወላጆች ናቸው። ከሰሜን እንግሊዝ ብራያን ጆንሰን የተባለ ሻካራና ቀጭን ድምፅ ያለው ዘፋኝ አመጡ፤ ባሃማስ ደሴቶች ናሶ ሄደው ዘፈኑ ያለበትንና በስሙ የተጠራውን አልበም ቀዱ። ሐምሌ 25 ቀን 1980 ሲወጣ ሽፋኑ ጥቁር ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተውም በጊታር ሳይሆን በቀስታ በሚደወል ትልቅ ደወል ነው። እንደ ለቅሶ ቤት መርዶ የጀመረው አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ተመስክሮለታል፤ በዓለም ታሪክ እጅግ ከተሸጡት አልበሞችም አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው። በ1990 «ተንደርስትራክ» የተባለው ዘፈን ወጣ፤ በ2003 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ፤ በ2004 ሜልቦርን ከተማ አንዲት መንገድ በስሙ ሰየመች። አንድ ዓይነት አልበም ደጋግመው ይሠራሉ የሚል ወቀሳም ተለይቷቸው አያውቅም። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። መንገዳቸውን ገና በጊዜ አግኝተውታል፤ ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ሳይለቁት አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ መጓዝ ትልቅ ታማኝነት ነው።

የማልኮም መጨረሻ ልብ ይሰብራል። የመርሳት ሕመም ያዘው። በመጨረሻው የዓለም ዙር ጉዞው እሱ ራሱ የፈጠራቸውን ሪፎች (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረጎች) እንደ አዲስ እየተለማመደ መድረክ ይወጣ ነበር። በ2014 ከባንዱ ተለየ፤ ኅዳር 18 ቀን 2017 በ64 ዓመቱ አረፈ። ታላቁ ጆርጅ የሞተው ከእሱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ቀድሞ ነው። በ2020 የወጣው «ፓወር አፕ» የተባለው አልበም ግን በማልኮምና በአንገስ ስም የተመዘገበ ነው፤ ሁለቱ ባለፉት ዓመታት አጠራቅመው ካስቀመጧቸው ሐሳቦች የተሠራ ስለሆነ።

ዛሬ በማልኮም ቦታ የሚቆመው የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ነው። እሱም የሚይዘው ግሬች ነው፤ የሚቆመውም ከድራሙ አጠገብ ነው። አዝማቹ ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ይራመዳል፤ ተቀብሎ ሲጨርስ ወደ ኋላ ይመለሳል።