ሞገድን በገዛ እጅ ስለ መሥራት

የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተል ወጣት በጥቁር ሰሌዳ የተሣለውን ሞገድ በደብተሩ ሲገለብጥ ይውላል እንጂ ሞገዱ ራሱ ከምን እንደሚወለድ ለማየት የሚያገኘው ዕድል ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ከሚያቃልሉት የትርፍ ጊዜ ሥራዎች አንዱ ፈንክሽን ጀኔሬተር የሚባለውን መሣሪያ በገዛ እጅ መሥራት ነው። መሣሪያው ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን የኤሌክትሪክ ሞገዶች ያመነጫል፤ የድምፅ ማጉያ ሠርቶ መፈተን የሚፈልግ ሰውም ያለ እርሱ ብዙ አይራመድም።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ቲኤል072 የምትባለው ባለ ስምንት እግር ቺፕ በውስጧ ሁለት ማጉያዎች አሏት። አንደኛውን አጠራቃሚ እንበለው፤ ይኸውም በሬዚስተር በኩል የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ በካፓሲተር እያከማቸ ቮልቴጁን በእኩል ርምጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ዳኛ ነው፤ የአጠራቃሚው ቮልቴጅ ከተወሰነለት ወሰን ሲደርስ ፍርዱን ይገለብጥና ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከታችኛውም ወሰን ሲደርስ እንደዚሁ። ሁለቱ እንዲህ ሲመላለሱ ከአጠራቃሚው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ከዳኛው ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ይወጣል።

ለአጠራቃሚው የ50,000 ኦም ሬዚስተርና የ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይበቁታል። የዳኛው ወሰን ደግሞ በሁለት ሬዚስተሮች ይወሰናል፤ ከአጠራቃሚው የሚመጣው የ10,000 ኦም፣ ከዳኛው ከራሱ መውጫ የሚመለሰው የ20,000 ኦም ቢሆን ሞገዱ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። በ50,000ው ፈንታ እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞር ሬዚስተር ቢገባ ፍጥነቱ እንደ ልብ ይለወጣል። ለኀይሉ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ይበቃሉ፤ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር መታገል አያሻም። ደግሞ የሚደንቀው፣ ባትሪዎቹ እኩል ሲደክሙ የሞገዱ ፍጥነት እምብዛም አለመለወጡ ነው፤ የአጠራቃሚው ርምጃና የዳኛው ወሰን አብረው ይቀንሳሉና።

ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው በ10,000 ኦም ሬዚስተር በኩል የጆሮ ማዳመጫ አገናኝቶ ያዳምጥ። ባለ አራት ማዕዘኑ ሻካራ ድምፅ አለው፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ለስለስ ይላል።

አስቸጋሪው ሳይን የሚባለው ለስላሳ ሞገድ ነው። ብዙዎች የሦስት ማዕዘኑን ጫፎች በዳዮዶች እያለዘቡ ወደ ሳይን ያቀርቡታል። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይልቅ ዊልያም ሂውሌት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የተጠቀመበት ዘዴ ያምራል። የሳይን ማመንጫ ዋና ችግሩ ሞገዱ ወይ እያደገ ሄዶ መበላሸቱ፣ ወይ እየደከመ መጥፋቱ ነው። ሂውሌት በዚህ ላይ ዳኛ አድርጎ የሾመው አንዲት ትንሽ አምፖል ነበር! ሞገዱ ሲያድግ የአምፖሏ ክር ይግላል፤ ሲግል ኤሌክትሪክ የማገድ ኀይሉ ይጨምርና ሞገዱን ያረግበዋል። ሂውሌትና ባልንጀራው ዴቪድ ፓካርድ በ1939 (እ.አ.አ.) በፓሎ አልቶ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ኩባንያቸውን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያ ዕቃቸው ይኸው መሣሪያ ሆነ። ዋልት ዲዝኒም ለ«ፋንታዚያ» ፊልሙ ሥራ ከዚሁ ዐይነት ስምንት ገዝቷል።

አምፖሏም ብትሆን ጉድለት አለባት። ሞገዱ በጣም ሲዘገይ ክሩ በእያንዳንዱ ምልልስ እየጋለና እየበረደ ቅርጹን ያዛባዋል። ስለዚህ እጅግ ዝግተኛ ሞገድ የሚሻ ሠሪ ወደ አጠራቃሚውና ወደ ዳኛው ይመለሳል።