ያልሮጠ ፈረስ ዋጋ

እኛ በጂዳና በመካ የምንማር ኢትዮጵያውያን ፈረስን የምናውቀው በጉግስ ሜዳ ተፈትኖ ነው። ስለዚህ ገና ያልሮጠ ውርንጭላ በሚሊዮን ዶላር መሸጡ ይገርመናል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በኬንታኪ ጨረታ የዱባዩ ሼህ መሐመድ የታላቁን ኖርዘርን ዳንሰር ልጅ ስናፊ ዳንሰርን በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ፈረሱ ዘገምተኛ ሆኖ አንድም ውድድር ሳይሮጥ ቀረ፤ ለዘር ቢያቆዩትም የወለደው አራት ብቻ ነው። በአንጻሩ የሳዑዲው ልዑል ኻሊድ ዓብደላህ በ200 ሺህ ዶላር ያስገዙት የዚያው የኖርዘርን ዳንሰር የልጅ ልጅ፣ ዳንሲንግ ብሬቭ፣ በ1986 በፓሪስ የአርክን ውድድር አሸነፈ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጨረታ ዋጋ የሚለካው የሁለት ባለጸጎችን ፉክክር እንጂ የፈረሱን ሳንባና እግር አይደለም። የአባት ስም ተስፋ እንጂ ዋስትና አይሆንም። ባለጸጋ ቢከስር ይችለዋል፤ እኛ ግን ጥቂቷን ሪያላችንን ከማውጣታችን በፊት የሥራ ፍሬ እንይ።