የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና መምህራን ዐውደ ርእይ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ጥቅም

የትምህርት ዘመኑ ሲገባደድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የመመረቂያ ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ያቀርባሉ። በሌላ ጊዜም መምህራኑ የራሳቸውን ሥራ ያሳያሉ። ዐውደ ርእይ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የመክፈቻውን ዕለት ነው፤ እንግዳ ይጋበዛል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ባሉት ጸጥተኛ ቀናት ግን አዳራሹ ለመምህር ሌላ ጥቅም አለው። በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ ሥዕል የሚያስተምር መምህር በግማሽ ቀን ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ሊያይበት ይችላል፤ ይኸውም የማስተማር ሥራ በተማሪው እጅ ላይ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚተው ነው።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. በጊዜው የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሰላሌ ፍቼ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን ተከታትለው የተመለሱ ነበሩ። ለተማሪው መሠረት እንዲሆነው የፈለጉት አተኩሮ ማየትንና ያዩትን በትክክል መንደፍን ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጀርመን በኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ በመምህርነት ተጨመሩ። እኒህ ሠዓሊ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባሳዩት ሥራ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር፣ ሰውና ዕቃ ተለይቶ የማይታወቅበትን አሣሣል ይዘው ስለ ቀረቡ «ይህ ከኢትዮጵያ ሥዕል ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ክርክር ተነሣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እስክንድር ቦጎስያን ከአሥር ዓመት የለንደንና የፓሪስ ቆይታ በኋላ ተመልሰው፣ የክታብ ሥዕሎችን መንፈስ ከዘመናዊው አሣሣል ጋር ያዋሐደ ሥራቸውን ይዘው ወደ መማሪያ ክፍሉ ገቡ።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የነበረ ተማሪ ሦስት የማይመሳሰሉ መንገዶች ፊት ለፊቱ ተዘርግተው ነበር። ከመምህራኑ አፍ የሚሰማውን ሊዘነጋ ይችላል፤ በግድግዳ ላይ ያየውን ግን በቀላሉ አይረሳም። በእነዚያ ዓመታት በትምህርት ቤቱ የተማሩት ዘሪሁን የትምጌታ ከጊዜ በኋላ የታወቁበት ሥራ በጠባብ የቀርከሃ ዘንጎች ላይ የተሣለ፣ ክታብንና ጥንታዊ ምልክቶችን የሚያስታውስ ነው። የማንም መምህር ቅጂ አይደለም፤ ሆኖም ያ ዘመን የከፈተው በር በግልጽ ይታይበታል።

የመምህርና የተማሪ ሥራ በአንድ አዳራሽ ሲሰቀል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በሒሳብ ትምህርት ተማሪው የመምህሩን መልስ ደግሞ ማግኘቱ ስኬት ነው። በሥዕል ግን ሃያ ተማሪዎች የመምህራቸውን ቀለም፣ የመምህራቸውን ፊትና የመምህራቸውን ጥላ ደግመው ካመጡ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን ጉድለት የውጤት መዝገብ አያሳይም፤ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሸራዎች ግን ወዲያው ያጋልጡታል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ የተማሩና በዚህ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሲሆኑ፣ በሥራቸው ጎልተው የሚታዩት በገበያ የቆሙና የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። ከእርሳቸው የተማረ ወጣት የሰውን አካል አቋም በጥንቃቄ ማየትን ወስዶ ስለ ራሱ ሰፈር ቢሥል መምህሩ አልተቀዳም፤ ተተካ እንጂ። በዐውደ ርእይ ፊት የቆመ ጎብኚ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ያምራል?» ሳይሆን «ተማሪው ከመምህሩ የወሰደው ምንድን ነው? የተወውስ?» የሚለው ነው።

ጎብኚው መምህር ከተጠናቀቁት ሥራዎች ይልቅ ንድፎችን ቢፈልግ ይበጀዋል። በከሰል ተጀምሮ የተሰረዘ እጅ፣ ሦስት ጊዜ የተለወጠ የትከሻ መስመር ከትልቁ ሸራ የበለጠ ያስተምራል። አዘጋጆች አዳራሹን ለማሳመር ሲሉ ንድፎችን በመሳቢያ ውስጥ ቢተዋቸው ለትምህርት የሚጠቅመውን ግማሽ ደበቁ ማለት ነው። እግረ መንገዱንም በ2000 ዓ.ም. የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲውን ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማዕከል፣ ማየት ይቻላል። አገራቸውን ለቀው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፉት መምህር በጀርመን ተቀምጠው የነበሩ ሥራዎቻቸው ተመልሰው በስማቸው በተጠራው ቤት ይታያሉ።

የዕቅድ ባለሙያዎች ዐውደ ርእይን የበጀት ማስረጃ አድርገው የማየት ዝንባሌ ሊያድርባቸው ይችላል። በዚህ ረገድ የጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ታሪክ ይጠቅሳል። በቫይማር የነበረው ይህ ትምህርት ቤት የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሥራውን ፍሬ እንዲያሳይ ስለ ጠየቀው በ1923 እ.ኤ.አ. የመምህራንንና የተማሪዎችን ሥራ የያዘ ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ዝናው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት የምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ሲለወጥ በጀቱ በግማሽ ተቀነሰ፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቱ ቫይማርን ለቆ ወደ ደሳው ተዛወረ። ዐውደ ርእዩ ተቋሙን በቦታው አላቆየውም፤ የማስተማሪያ ዘዴውን ግን ለሌሎች መምህራን አደረሰ።

ወደ ቡራዩ ስንመለስ፣ ከተማይቱ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃላለች። ከቡራዩ በአስኮና በዊንጌት፣ በፒያሳም አድርጎ አምስት ኪሎ ለመድረስ መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ነው። አንድን ክፍል ሙሉ ሕፃናት በታክሲ አሳፍሮ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘቡም ኃላፊነቱም በመምህሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንዳንዱ ሥራ ወደ ሕፃናቱ ቢሄድ ይሻላል። ለዚህ የሚመቸው የኅትመት ሥዕል ነው። በእንጨት ወይም በሊኖሊየም ላይ የተቀረጸ አንድ ሥዕል ቀለም እየተቀባ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይታተማል፤ ክብደት የለውም፣ አንዱ ቅጂ ቢቀደድ ሌላው አለ። ቅርጹ የወጣበት እንጨትም አብሮ ቢላክ ሕፃኑ ሥዕሉ እንዴት እንደ ተሠራ በዓይኑ ያያል። ብዙዎቹ ልጆች የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው መግለጫ በዚሁ ቋንቋ ካልተዘጋጀ ግን ግማሹ ድካም ይባክናል።

የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ደግሞ ለሰበታው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት የተለየ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። «በእጅ አትንኩ» የሚለው ማስታወቂያ እነዚህን ተማሪዎች በሙሉ ከአዳራሹ የሚያስወጣ ነውና። ነሐስና ብረት፣ በደንብ የለሰለሰ እንጨትም፣ መዳሰስን ይችላሉ፤ ጀሶና ያልተተኮሰ ሸክላ ግን ይፈረፈራሉ። የሚዳሰሰውንና የማይዳሰሰውን አስቀድሞ መለየት የአዘጋጆች ሥራ ነው።

ከጉብኝት የተመለሰ መምህር በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» በሚባለው ክፍለ ጊዜ የራሱን ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት አዳራሽ አያስፈልገውም። ከመስኮት እስከ መስኮት የተወጠረ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃዋል። የጎበዞቹን ብቻ መርጦ መስቀል ግን የቀሩትን ያሳፍራል። የእያንዳንዱ ልጅ የመስከረም ሥዕልና የሰኔ ሥዕል ጎን ለጎን፣ መምህሩ ራሱ የሠራው አንድ ንድፍም ከነስርዙ በመካከላቸው፣ ከልጆቹ ከፍታ ሳያልፍ ይሰቀላል።