ድንኳን ይነሣል፤ ማሳ ይቀራል
ከጁባ ወደብ ማዶ የአንድ እሑድ ጉብኝት

በደቡብ ሱዳን በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ በነበርንባቸው ወራት ከጦር ሰፈራችን ውጭ ያለውን አገር የምናየው በአብዛኛው ከተሽከርካሪ ላይ ሆነን ነበር። አንድ እሑድ ግን ከአዛዦቻችን ፈቃድ አግኝተን፣ ዘጠኝ የሠራዊቱ አባላት ሆነን ወደ ጁባ ወደብ ወረድን። ሐሳባችን ከወደቡ ማዶ ያለውን የጎንዶኮሮን ደሴት በእግር ዞረን ለመጎብኘት ነበር። የዚያን ዕለት ውሏችንን ለዚህ ዓምድ አንባብያን፣ ይልቁንም በአገር ቤት የቤተሰቡን ኃላፊነት ለተሸከሙት የወታደር ባለቤቶች ለማካፈል የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴቲቱ ላይ አንዲት አሮጊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁን ከመካከላችን አፉን ሞልቶ የመለሰ ባለመኖሩ ነው።

ጁባ ወደብ ሲባል የባሕር ወደብ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ከባሕር እጅግ የራቀ የወንዝ ወደብ ነው። በዓረብኛ ባሕር ኤል ጀበል፣ ማለትም የተራራው ባሕር፣ የሚባለው ነጭ ዓባይ ከተማይቱን እየታከከ ወደ ሰሜን ይወርዳል። እህልና ሸቀጥ የጫኑ ጀልባዎች ከዚህ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ቦርና ወደ ማላካል ይጓዛሉ። የእኛ ጀልባ ከዳር እንደ ተላቀቀች አንድ ወጣት ወታደር እጁን ነክሮ ፊቱን አበሰና «የአገሬ ውኃ!» አለ። ነገሩን ማረም ግድ ሆነብን። ይህ ውኃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ በኡጋንዳ በኩል የመጣ ነው፤ የእኛ ባሮ ሶባት ተብሎ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ከጁባ ብዙ ርቆ በማላካል አጠገብ ሲሆን፣ ከጣና የሚወጣው ዓባያችን ደግሞ የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ወታደሩ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ወንድም ሳይሆን አማች ነው» ቢለን ጀልባዋ በሣቅ ተናወጠች።

የሰፋሪዎች ታሪክ

የጎንዶኮሮ ስም በዓለም የታወቀው ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ነው። የጥንቱ ሰፈር በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ወንዙ በድንጋይና በአሸንዳ የተሞላ በመሆኑ ከካርቱም ሽቅብ የሚመጡ መርከቦች ጉዟቸውን የሚያበቁት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጣቢያ ቢያቋቁሙም ብዙዎቹን በሽታ ስለ ጨረሳቸው ጣቢያው ሊዘልቅ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ቦታው የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች መናኸሪያ ሆነ። እነዚህም በዓመት ሁለት ወር ያህል ይሠፍሩና ጭነታቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ብሪታንያውያኑ ጆን ስፒክና ጄምስ ግራንት የነጭ ዓባይን ምንጭ ፈልገው ሲመለሱ፣ በየካቲት ወር 1863 እ.ኤ.አ. ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት በዚሁ ሥፍራ ነው። ከቤከር ጎን የሕይወት ጓደኛው ፍሎረንስ ነበረች። ወባውንና ረኃቡን አብራው ተቋቁማ፣ በተከታዩ ዓመት አልበርት ተብሎ ከተሰየመው ሐይቅ ዳር አብራው የቆመች ሴት ናት።

ቤከር በ1871 እ.ኤ.አ. ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ሹም ሆኖ፣ ሠራዊት አስከትሎ፣ የባሪያ ንግድን ያስቆም ዘንድ ታዝዞ ነበር። በግንቦት ወር ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ቦታውን በከዲቩ ስም እስማኤሊያ አለው። ዳሩ ግን ለሠራዊቱ ቀለብ ቸገረው። የአካባቢው የባሪ ሕዝብ እህሉንና ከብቱን አልሰጥም ባለ ጊዜ በጦር ኃይል ወደ መውሰድ ዞረ። በ1874 እ.ኤ.አ. በእርሱ እግር የተተካው ቻርልስ ጎርዶን ሥፍራው ለጤና የማይስማማ መሆኑን አይቶ ዋናውን ጣቢያ ወደ ላዶ አዛወረው። እስማኤሊያ የሚለው ስምም ከድንኳኑ ጋር አብሮ ተነሣ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወታደሮች እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ጦር በዘመተበት አገር ሁሉ ባላገሩ ላይ እየሠፈረ ጎተራ ሲገለብጥ እንደ ኖረ አያቶቻችን አውግተውናል። መልካም ዓላማ ይዞ የመጣ ሠራዊት እንኳ የገበሬውን እህል በጉልበት ከነካ፣ በገበሬው ዓይን ከዘራፊ ተለይቶ አይታይም።

በማሳው መካከል

ደሴቲቱን እንደ ረገጥን የእነዚያን ሰፋሪዎች ምልክት በዓይናችን ፈለግን፤ ነገር ግን አንዳችም አላገኘንም። ያገኘነው ማሳ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባሚያና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል በትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ በቅሏል። እዚህ መሬቱ የሚለፋው በበሬ ሳይሆን በመቆፈሪያ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ጥሎት የሚሄደው ደለል መሬቱን ያለመልመዋል፤ ያው ወንዝ ከመጠን አልፎ የሞላ ዕለት ደግሞ የወራት ድካም ጠርጎ ይወስዳል። አዝመራው በጀልባ ተሻግሮ በጁባ ገበያ ይሸጣል። በማሳዎቹ መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን ጥርጊያ ስለሆነ ለቅኝት እንደ ወጣ ጓድ በነጠላ ሰልፍ ተጓዝን። አስተርጓሚያችን በጁባ ለብዙ ዓመታት በንግድ የኖረ፣ የጁባን ዓረብኛ እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር የአገራችን ሰው ነበር።

ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ዐረፍ ብለን ኮቾሯችንን ስንቆረጥም አንድ አሥር አለቃ፣ «ይህን የመሰለ ታሪካዊ ቦታ እንዴት ዝም ይባላል? ፓርክ ተብሎ ቢከለል፣ መንገዱ ቢሰፋ፣ ጎብኚ በቡድን ሆኖ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ሜዳ ቢዘጋጅ ገንዘብ ያመጣ ነበር» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብዙዎቻችንን ማረከ። ደቡብ ሱዳን ታላላቅ ፓርኮች እንዳሏት እናውቃለን። በባንዲንጊሎና በቦማ ፓርኮች አካባቢ የሚንቀሳቀሱት ነጭ ጆሮ ቆርኬና ሌሎች የአጋዘን ዘመዶች ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአየር ላይ ቆጠራ አመልክቷል። ከእነዚሁ መንጋዎች ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ እስከ ጋምቤላችን ይደርሳል። ታዲያ ጎንዶኮሮስ ለምን ይቅርባት አልን።

ከሁላችን ዝም ያለው አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። አሥር አለቃው፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ቢለው እንዲህ ሲል መለሰ።

«እኔ የተወለድሁት ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ ግጭ ነው። አባቴ ገብስ ያርስ የነበረው አሁን ፓርክ በሆነው መሬት ላይ ነው። በ2016 የፈረንጆች ዓመት የግጭ ሰው ሁሉ ወደ ደባርቅ ሲዛወር እኔ ግዳጅ ላይ ነበርሁ። ለዕረፍት ስሄድ ቤታችንን የማገኘው መስሎኝ ሽቅብ ወጣሁ። ማሳው ሣር ለብሷል፤ ጭላዳ ተሰማርቶበታል። ያማረ ነገር ነው፤ አልዋሽም። እናቴ ግን ደባርቅ ከተማ ውስጥ ገብስ በጣሳ እየገዛች ትኖራለች። የግጭ ገብስ ዘር ግን በስልቻ ቋጥራ አስቀምጣለች። ምን ልታደርጊው ነው ብላት፣ ‘ዘር አይጣልም’ አለችኝ።»

ማንም ለጊዜው አልተናገረም። ነገሩ ሁለት ወገን አለው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ ዋልያን ስላሳሳው በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው 418 የግጭ አባወራዎች ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር መጠጊያ የለውምና መጠበቅ አለበት። ይሁን እንጂ ያ ውብ ሣር የአንድ ሰው ማሳ እንደ ነበረ ሳያውቅ የሚያልፍ ጎብኚ የቦታውን ግማሽ ታሪክ ብቻ አይቶ ይመለሳል። አሥር አለቃውም አቀርቅሮ፣ «መጀመሪያ ባለማሳውን መጠየቅ ነበረብን» አለ።

ጥያቄው

ለመጠየቅ ብዙ አልቆየንም። ወደ ጀልባችን ስንመለስ ከእኛ አንዱ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከጥርጊያው ወጣ ብሎ አዲስ የተዘራ መደብ ረገጠ። ከማሽላው ውስጥ አንዲት አሮጊት መቆፈሪያቸውን እንደ ያዙ ብድግ አሉ። ደንግጠን ይቅርታ ጠየቅን፤ ጥፋተኛውም ጎንበስ ብሎ የረገጠውን አፈር በጣቱ ማለስለስ ጀመረ። አሮጊቷ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ። አስተርጓሚው «እማማ፣ እንግዳ ያስቸግራችኋል?» ብሎ ጠየቀልን። እሳቸውም፣ «እንግዳ ይምጣ፤ በማሳው ዳር ይሂድ እንጂ» አሉ። ከዚያም ዩኒፎርማችንን ከላይ እስከ ታች አዩና በተራቸው ጠየቁን።

«እናንተ ሁላችሁ እዚህ ከሆናችሁ የእናንተን ማሳ ማን ያርሳል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ግዳጅ በየሳምንቱ ትምህርት የምንሰጠው እኛ እንኳ አፋችን ተያዘ። ከዘጠኛችን ስድስቱ ከገበሬ ቤት የወጣን ነን። አንዱ ባለቤቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንደ ሰጠች ሰምቷል፤ ስንት ኩንታል እንደ ደረሳት ግን አያውቅም። ሌላው አጨዳው በወንፈል ይሁን በቅጥር ጠይቆ አያውቅም። ደመወዝ መላካችንን እናውቃለን፤ ከደመወዙ በላይ የሆነውን ሥራ ግን ቆጥረነው አናውቅም። አሮጊቷ መልስ ሲያጡ ፈገግ አሉና በቅርጫታቸው የነበረውን ባሚያ ዘረጉልን። ዋጋውን ከፍለን ተቀበልን፤ በነጻ መውሰድ የቤከርን ዘመን ያስታውሰን ነበርና።

ያን ምሽት ስልኩን ያላነሣ አልነበረም። አሥር አለቃው ባለቤቱን እንደ ወትሮው «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብሎ አላበቃም፤ «ዘንድሮ አረሙን ማን አረመልሽ?» ሲል ጠየቃት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ እንደ ደነገጠች ራሱ አጫወተን። ከዚያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችው።

ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ

ከግዳጅ መልስ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ቤተሰቡን ይዞ ተራራ ማየት የሚሻ ካለ ስሜንን እንመክራለን። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። የመግቢያ ፈቃድ የሚወጣውም፣ አጃቢ ጠባቂ የሚመደበውም በዚያው ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። በቡድን ድንኳን ተክለው የሚያድሩባቸው ሰፈሮች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ናቸው። ከፍታቸው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለልጆች ወፍራም ልብስና ብርድ ልብስ አይረሳ። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ መሄድ ይገባል፤ ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ቢኖር ወደ ቆላው መመለስ እንጂ መግፋት አይገባም። ለጭላዳ ምግብ አይሰጥም። ለማገዶ አስታ አይቆረጥም። ቆሻሻ ተሰብስቦ ተይዞ ይወረዳል። በፓርኩ ዙሪያ ዛሬም ገብስ የሚያርስ ገበሬ አለና ከጥርጊያው አይወጣም። ግጭ ሲደረስ ደግሞ ልጆችን አቁሞ፣ «እዚህ ሰዎች ያርሱ ነበር» ብሎ መንገር መልካም ነው።

ውድ የሠራዊቱ አባላት! ድንኳን መትከልና መንቀል የሙያችን ጠባይ ነው። የጎንዶኮሮ ሰፋሪዎች ሁሉ፣ ነጋዴውም ሹሙም፣ ነቅለው ሄደዋል፤ ማሳው ግን አለ፤ የሚቆፍረውም እጅ አለ። ስለዚህ በሠፈርንበት ሁሉ በማሳው ዳር እንሂድ።

ለእናንተ ለባለቤቶቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለን። የአሮጊቷን ጥያቄ እኛ መመለስ አልቻልንም፤ መልሱ ያለው ከእናንተ ዘንድ ነውና ጻፉልን። ማሳ ያላት ስለ ማሳዋ፣ ማሳ የሌላት በቤት ኪራይና በገበያ ስለምትታገለው ትጻፍልን። የምትጽፉልንን በዚሁ ዓምድ እናወጣለን፤ በሚቀጥለው ሳምንታዊ ትምህርታችንም ስለ ግዳጅ ስንናገር ከእናንተ ደብዳቤ እንጀምራለን።