ሰው ድንገት ሲወድቅ

መርካቶን ያላየ ገበሬ ቢኖርም ስሙን ያልሰማ የለም። ገበያው ድሮ በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወደ አሁኑ ቦታ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። መርካቶ የሚለውም ቃል የጣሊያን ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ተከፋፍሏል። ተሸካሚው፣ ጋሪውና የጭነት መኪናው በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋሉ።

አንድ ገበሬ በርበሬውን ሸጦ ወደ አውቶቡስ ተራ ሲያመራ፣ ከፊቱ ጆንያ የተሸከመ ሰው ድንገት ወደቀ እንበል። ወዲያው ሰው ይከባል። አንዱ «ውሃ አፍሱበት!» ይላል። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዝለታል። ሦስተኛው «ኧረ አትንኩት፣ ፖሊስ ይምጣ!» ይላል። ደግ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም አዝኗል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። የጠፋው ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ ዕውቀት የመጀመሪያ ዕርዳታ ይባላል። በአገራችን ይህን ትምህርት ከሚሰጡት አንዱ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጣሊያን ሊወረን እየተዘጋጀ ነበር። ጦርነቱ እንደተጀመረ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ደብድበዋል። ዛሬ ማኅበሩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአምቡላንሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ907 ደውሎ መጥራት ይቻላል።

ታዲያ አምቡላንስ ካለ ትምህርቱ ለምን አስፈለገ? ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ደም ወደ አንጎሉ አይደርስም። አንጎል ደግሞ ያለ ደም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ደህና ሆኖ አይቆይም። መርካቶ ውስጥ መኪና እንደ ልብ አያልፍም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ እንኳ የመንገዱ መጥበብ የእሳት አደጋ መኪናዎችን አስቸግሯል። ገጠር ደግሞ ጤና ጣቢያው የሰዓታት መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አጠገብ በቆመው ሰው እጅ ናቸው።

በሥልጠናው ላይ የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት መሬት ላይ ይጋደማል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል። ደረቱን ሁለት ደቂቃ ሲጫኑ ግን ላብ ያጠምቃል፤ ሳቁም ያልቃል። የሚማሩት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቦታው ለራስ አደጋ እንደሌለው ማየት። ቀጥሎ የወደቀውን ሰው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ መጥራት። ካልመለሰ መተንፈሱን መመልከት፤ ይህ ከ10 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። አልፎ አልፎ ማቃሰት እንደ መተንፈስ አይቆጠርም። የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ስም ጠርቶ ወይም በጣት አሳይቶ «አንተ ደውል!» ማለት ነው። ዝም ብሎ «ደውሉ!» ቢባል ሁሉም ሌላው ይደውላል ብሎ ይቆማል።

ከዚያ የመዳፍን ተረከዝ ደረቱ መሐል ማድረግ፣ ሌላውን እጅ በላዩ መደረብ፣ ክንድን ሳያጥፉ መጫን። ጥልቀቱ ለትልቅ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይቀበላችሁ። ይህን ዘዴ በ1952 ዓ.ም. ለዓለም ያሳወቁት የአሜሪካ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ናቸው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ሁለት እጅ ይበቃል።

የሚተነፍስን ሰው ግን ደረቱን አትጫኑት። በጎኑ አስተኙት። የሚጥል በሽታ የያዘውም ሰው ክብሪት አያድነውም። ጢሱ መንፈራገጡን አያቆመውም፣ እሳቱ ግን ያቃጥለዋል። አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ። ድንጋይና እንጨት ከአጠገቡ አንሱ፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አድርጉለት፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየበት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ደም ሲፈስ ቡናና አፈር መነስነስ ልማድ ነው። ቁስሉን ያመረቅዘዋል እንጂ አይጠቅምም። በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መጫን ይሻላል። የተቃጠለ ገላ ላይ ደግሞ ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው። ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ሰው ይህ ከባድ መሆኑ ይታወቃል፤ እጅ ወይም እግር ከሆነ ግን በሳፋ መንከር ይቻላል።

እንዲህ ያለ ሥልጠና በወረዳ አዳራሽ ወይም በዕድር ድንኳን በነፃ ሲሰጥ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ይቀራል ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። መጽሐፍ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ እጅ ራሱ መልመድ አለበት። ገጠር ያላችሁ ደግሞ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቋት። የመጀመሪያ ዕርዳታ ከምታስተምራቸው ነገሮች አንዱ ነው።