አውሮፕላን ሲናጥ ተቆጣጣሪው ምን ያደርጋል?

በረራ ላይ ሆናችሁ አውሮፕላኑ ድንገት መናጥ ሲጀምር "መሬት ያሉት ሰዎች ይሄን አላዩትም እንዴ?" ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አያዩትም።

ራዳር አውሮፕላኑን ያሳያል፣ ዝናብ ያዘለ ደመናም ሊያሳይ ይችላል። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ የሚፈጠር ተርቡለንስ ግን አይታየውም። ስለዚህ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ዋና ዓይን ቀድሞ ያለፈው ፓይለት ነው። ፓይለቱ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ መናወጡ ቀላል ይሁን መካከለኛ ወይም ከባድ በሬዲዮ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም ከኋላ ለሚመጡት ወዲያው ያስተላልፋል።

ከዚያ "ከፍታ ልቀይር" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ጋ ነው ጭንቁ። እነዚህ አውሮፕላኖች ከላይና ከታች ቢያንስ 1,000 ጫማ መራራቅ አለባቸው፤ ሲናጥ ደግሞ ሁሉም ያንኑ ጸጥ ያለ ከፍታ ነው የሚፈልገው! ቦታው ከተያዘ መልሱ "ጠብቅ" ነው።

አንዳንዴ ግን ለማንም ጊዜ አይሰጥም። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 ማይናማር ሰማይ ላይ በ37,000 ጫማ ተናጠ። የመርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት እንደሚለው ፓይለቱ የቀበቶ ምልክቱ መብራቱን ከተናገረ 8 ሰከንድ ቆይቶ ነው ከባዱ የመጣው። በ4.6 ሰከንድ ውስጥ 178 ጫማ ወረደ፤ ቀበቶ ያላሰሩት ከመቀመጫቸው ተነስተው ተመልሰው ወደቁ። የ73 ዓመት እንግሊዛዊ ሕይወታቸው አለፈ፣ ብዙዎች ተጎዱ። አውሮፕላኑ ወደ ባንኮክ ዞረ፤ ፓይለቶቹም ሐኪሞች እንዲጠብቋቸው ከአየር ላይ ሆነው ጠየቁ።